ያረፉትና የፈነዱት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ፒያሳ ባንኮኒ ላይ ክርኔን አስደግፌ ማኪያቶ ማቀዝቀዝ ነው። መጠጣቱን ማንም ይጠጣዋል፤ ሙያ የሚጠይቀው ማቀዝቀዙ ነው። አጠገቤ የሚቆመው ሽኩር ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አራዳ ውስጥ ሰዓት ሲሸጥና ሲጠግን ያረጀ፣ አሁን ሱቁን ለልጁ ለቆ እንደ እኔ የሚያዛጋ ወዳጄ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ በቀደም፣ «ያን ሁሉ ዘመን አምስት ኪሎ ስትመላለስ ምን ነበር የምትሠራው?»

«ሲሞቱ አይ ነበር።»

«እነማን?»

«ሕዋሳት። በባዶ ዓይን የማይታዩ፣ የሰውነታችን ጡቦች በላቸው።»

«ሲሞቱ ታያለህ፤ ከዚያስ?»

«እንዴት እንደሞቱ እናገራለሁ።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ትንሹም በዝቶብሃል!» ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ባንኮኒው ውስጥ ያለችው ልጅም አብራው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በራሴ መሳቅ ከሆነ ማንም አይቀድመኝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይኸው ለሽኩር መልስ እየጻፍኩ ነው። አያነበውም እንጂ።

የተወለድኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ከሰፈሬ ስም እንደምትረዱት ከሞት ጋር የተዋወቅነው በጊዜ ነው። ዛሬ ሰፈሩ የለም። አንዳንድ ጠዋት ሰፊው መንገድ ዳር እቆምና ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር እገምታለሁ። እዚህ ጋ በሩ፣ እዚህ ጋ አልጋው እያልኩ ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ እኔም ደህና አድርጌ ልተኛ ስል አንዱ ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ጥሩምባ ይነፋበታል?

ከላቦራቶሪ ማሠልጠኛ ስወጣ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ በመስኮት ብርሃን ወባ ስፈልግ ኖርኩ። አለቃዬ ዝንብ ባየ ቁጥር ማስታወሻ የሚጽፍልኝ ሰው ነበር፤ መልስ እጽፍለታለሁ፤ ዝንቧ ግን እንዳለች ናት። በስንት ማመልከቻ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ አምስት ኪሎ አካባቢ ያለ የምርምር ቤት ገባሁ። ዘመናዊ ማይክሮስኮፕ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ጸጉሬን አበጥሬ ብቀርብ የጠርሙስ ብሩሽ ሰጡኝ። ከዚያ ብሩሽ ያወጡኝ ዶክተር ዘሃራ ናቸው።

ዶክተር ዘሃራ ቤተሰቦቻቸው ከወሎ መጥተው አራዳ የቀሩ፣ ሻሻቸው ከነጭ ጋዋናቸው የማይለይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ከእኔ ጥቂት ይበልጡኛል። ጠርሙስ ሳጥብ አዩኝና «ይኼ ሰው ጠርሙስ እያጠበ ለጠርሙሱ ያወራል፤ ለሕዋስም ማውራት አያቅተውም» ብለው ወሰዱኝ። በዕውቀቴ የተመረጥኩ መስሏችሁ ከነበረ ይቅርታ።

በመጀመሪያው ሰሞን ሕዋሳት የተለጠፉበት ሳህን ሰጡኝና «አጥበህ አምጣልኝ» አሉኝ። በማጠብ ለተመሰከረለት ሰው! ላዩ ላይ ያለውን ፈሳሽ ድፍት፣ በጨው ውኃ ለቅለቅ፣ አሁንም ድፍት አድርጌ እንደ መስታወት የጠራ ሳህን ይዤ መጣሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

«ንጉሤ፣ የሞተ የለም?»

«የለም ዶክተር። ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩ፣ እኔ ያዳንኳቸው ይመስል።

«እጣቢውስ?»

«ደፋሁት።»

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አንሥተው በሐዘኔታ አዩኝ። «የምንፈልጋቸውን ሁሉ ደፍተህ፣ ቤታቸው የተቀመጡትን ይዘህልኝ መጣህ።»

ለመሄድ የተዘጋጀ ሕዋስ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ የያዘውን መልቀቅ ነው። ከተለጠፈበት ይነሣና ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል። እኛ የምንፈልገው ሟች ያለው እጣቢው ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ እጣቢ ደፍቼ አላውቅም። ሰብስቤ፣ በማሽን በዝግታ አሽከርክሬ፣ ታች የዘቀጠችውን እንደ ዱቄት የምትነጣ ነጥብ በጣት ምት አነቃታለሁ። በኃይል ከመታችሁት በሕይወት ያለውንም ትገድሉና ሟች በዛ ብላችሁ ታወራላችሁ። ይኼ ልማድ ቤቴም ተከትሎኝ ገባ፤ ባለቤቴ «የሳህን እጣቢ ምን አድርጎህ ነው አፍጥጠህ የምታየው?» እያለች ስንት ዘመን ተቆጣችኝ።

ሕዋስ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ ቢያንስ እኛ የምንለያቸው ሁለት ነበሩ። አንደኛው መርዝ ወይም እሳት ደርሶበት፣ አብጦ፣ ግድግዳው ተቀዶ፣ የሆዱን ሁሉ ጎረቤት ላይ ዘርግፎ የሚሞተው ነው። እሱን «ፈነዳ» እንለዋለን። ሁለተኛው የተለየ ነው። ትእዛዙ ከውስጡ ይመጣል። ይኮማተራል፣ ዕቃውን በትንንሽ ጥቅል በጥቅል ያስራል፣ ለጎረቤቶቹ ምልክት ይሰጣል፤ እነሱም መጥተው ጥቅሉን ይወስዳሉ። አንድ ጠብታ አይፈስም፣ አንድ ጎረቤት አይረበሽም። መጽሐፍ ላይ «መርሐ ግብር የተነደፈለት የሕዋስ ሞት» ሲሉት አየሁና «ዶክተር፣ ይኼ እኮ ቃለ ጉባኤ ያለው ሞት ነው የሚመስለው» አልኳቸው። ሳቁና ትንሽ አሰቡ።

«ሰው ሲሞት ሞተ አንልም አይደል፣ ስናከብረው? አረፈ በለው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኛ ላቦራቶሪ ቋንቋ ይኼ ሆነ፤ የፈነዱና ያረፉ።

የምንለያቸው በቀለም ነው። ጤነኛ ሕዋስ ከግድግዳው በውስጥ በኩል ብቻ የሚያኖረው አንድ ዓይነት ቅባት አለ። ለማረፍ ሲነሣ ያን ቅባት ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ እንደሚለብሰው። አረንጓዴው ቀለም እዚያ የተዘቀዘቀው ቅባት ላይ ይለጠፋል። ቀዩ ቀለም የሚገባው ግን ግድግዳው የተቀደደ ቤት ብቻ ነው። አረንጓዴ ቀለበት አድርጎ ቀይ ያልገባበት፣ እሱ እያረፈ ነው።

በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ጋርደን ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ዓይን ሲለምድ ከጥቁሩ መሐል አረንጓዴ ቀለበቶች አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ የፒያሳ ወርቅ ቤት መስኮት ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚበራ ይመስላል። ይንሳፈፋሉ። ውጭ ሚኒባሱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» እያለ ይጣራል፤ ድምፁ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስለኛል። ስንቴ እዚያ ወንበር ላይ ሳላንቀላፋ ሕልም አየሁ! አንዳንዴ ደግሞ እያንቀላፋሁ። ዶክተር በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኝና «ንጉሤ፣ አንተም አረፍክ?» ይሉኛል።

አሁንም ካፌ ተቀምጬ እጄን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አያለሁ። ማሕፀን ሳለን እጃችን እንደ ዳክዬ እግር ድፍን ነበር። መሐል ላይ የነበሩት ሕዋሳት ጊዜያቸው ሲደርስ ማንም ሳይገፋቸው ሄዱልን፤ ጣት ያወጣነው እነሱ በለቀቁት ቦታ ነው። በዚያ ጣት ማኪያቶ እይዛለሁ፣ ሽኩርን እጠቁማለሁ። ካንሰር ደግሞ፣ ብዙ ተምረው ብዙ የሚሉበት ሰዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ሂድ ሲባል አልሄድም ያለ ሕዋስ ነው። እያፈነዳ የሚገድለው መርዝ ሞልቷል፤ የጨርቅ ማንጫም ይገድላል። ፍለጋችን ማረፍን የሚያስታውሰው ነገር ነበር።

«አረፈ» የምትለዋ ቃላችን ጣጣ ነበራት። አንድ ቀን ስልክ ላይ ጮክ ብዬ «ትናንት የገቡት? አዎ፣ አብዛኞቹ አርፈዋል፣ የቀሩትም ፈንድተዋል!» እያልኩ ሳወራ የግቢያችን ዘበኛ በመስኮት ሰማኝ። ስልኩን ስዘጋ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«የት ነው የደረሰው?»

«ምኑ?»

«ፍንዳታው ነዋ!»

ዶክተር ዘሃራም ዛሬ አርፈዋል። አትደንግጡ፣ ጡረታ ወጥተው ደሴ ልጃቸው ዘንድ ነው ያረፉት፤ በየሳምንቱ እየደወሉ ይሰድቡኛል።

ከልማዳቸው አንዱን ልንገራችሁ። ሳህን ከማየታቸው በፊት ሕዋሳቱ በተዘሩበት በእያንዳንዱ የሳህኑ ጉድጓድ ስም ላይ ፕላስተር ያስለጥፋሉ። የቱ መድኃኒት እንደጠጣ፣ የቱ እንዳልጠጣ ሳያውቁ አይተው ይፈርዳሉ። «ዓይን አድሏዊ ነው» ይሉኛል፤ «የሚወደውን ነው የሚያየው።» ከፈረዱ በኋላ ፕላስተሩን ቀስ አድርገው በጥፍራቸው ይልጡታል። ያቺን ድምፅ፣ የፕላስተሯን ልጥ ማለት፣ ዛሬም ስሰማ ዘወር ብዬ አያለሁ።

እንግዲህ ቅጠሉ። በዶክተር አገር፣ ወሎ ውስጥ፣ እብጠት የወጣበት ሰው እየፈላ የሚጠጣው አንድ ቅጠል አለ። ዘመዶቻቸው ይልኩላቸዋል። ዶክተር ከዓመታት በፊት ጨምቀው፣ አድርቀው፣ በማሟሟያ ፈሳሽ አሟሙተው ለጡት ካንሰር ሕዋሳት ሰጧቸው። አረንጓዴ ቀለበት! ቀይ የለም፤ አላፈነዳቸውም፣ አሳረፋቸው። ደገምን፣ ያው ነው። አሁንም ደገምን። ዶክተር የጡረታቸው ጊዜ እየቀረበ ስለነበር ትልቅ ጉባኤ ላይ አቅርበው፣ ቅጠሉን ለሚቀጥለው ሰው አስረክበው ሊሄዱ ነው። የሥራ ዘመናቸው ሁሉ የሚታወቀው በዚህ ቅጠል ነበር፤ ወይ መድኃኒት ያሳዩ፣ ወይ ምንም። እኔም በጉባኤው የምለብሰውን ኮት አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አራቴም ሆዴ አልዘጋልኝም።

ጉባኤው ሊደርስ ሲል ሔለን የምትባል ወጣት ባለሙያ ከሌላ ላቦራቶሪ ተዛውራ መጣች። ፈጣን፣ ጠንቃቃ፣ ሳቂታ ናት። አንድ ጠዋት እኔ የጋዝ ሲሊንደር ላመጣ ወጥቼ ዶክተር ከቤታቸው ደወሉ። ያነሣችው ሔለን ናት። ንግግሩን በኋላ ከሁለቱም ሰምቼ አጋጠምኩት።

«ሔለን፣ የትናንቶቹ አረፉ?»

«አዎ ዶክተር፣ አርፈዋል።»

«ቅጠል ያልተሰጣቸውስ?»

«እነሱም! ሁሉም አርፈዋል።»

«ሁሉም?»

«አንድም የቀረ የለም። ቢያዩዋቸው እንዴት ያምራሉ!»

ዶክተር ስልኩን ዘጉ። ቅጠል ያልጠጡት እንደጠጡት ካረፉ ቅጠሉ ምንም አላደረገም ማለት ነው። ወዲያው ኃላፊያችን ዘንድ ደውለው «ከጉባኤው ስሜን አውጡልኝ» አሉ።

ሲሊንደሬን እየገፋሁ ስገባ ሔለን እያንጎራጎረች ነው። ዶክተር ተከትለውኝ ገቡ። ሻሻቸው ተጣምሟል፤ ያን ቀን ብቻ ነው ተጣምሞ ያየሁት።

«ንጉሤ፣ አልቆልናል።»

ሳህኑን አውጥተን አየን። ቅጠል ያልጠጡት ሕዋሳት እንደ ድንች እርሻ መደባቸውን ይዘው በሕይወት ተኝተዋል። ሔለን ግራ ገባት። «ታዲያ ትናንት የዘራኋቸው አርፈዋል አይደል? እኛ ጋ አዲስ የተዘራ ሕዋስ የሳህኑ ወለል ላይ ሲቀመጥ አረፈ ነው የምንለው። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያርፈው።»

እኔ በሳቅ ወንበር ያዝኩ። ቆዩማ፣ ወፍ! ሔለን ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጠፋሁ እኮ!»

«አብሽሪ ልጄ፣ አማርኛው ነው» አሏት።

«በሉ እንግዲህ ይደውሉና ስምዎን ያስመልሱ» አልኳቸው። አልደወሉም። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ውጭ ጸደዩ ገብቶ የነበረ ይመስለኛል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነበር፣ አቧራው እንኳ አየር ላይ የቆመ ይመስላል።

«ንጉሤ፣ እኔ ለምን አመንኳት?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ቅጠሌን የማምነው ቢሆን ኖሮ "እስቲ ደግመሽ እዪ" እላት ነበር። ዝም ብዬ አመንኳት። ልቤ የሚያውቀው ነገር አለ።» ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። «ማሟሟያውን ብቻ የጠጡትን ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው መቼ ነው?»

መጀመሪያ ላይ፣ ገና አንድም ቀለበት ሳይታየን፣ አይተናቸው ነበር፤ ማሟሟያው ንጹሕ ነው፣ ምንም አያደርግም ብለን አለፍን። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ቅጠል ወፈረ፤ አልሟሟ ሲል ማሟሟያውን ጠብ አደረግንለት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጠብ። ወጥ ሲወፍር ውኃ ጠብ እንደሚደረገው፤ ሁላችንም እያየን፣ እየተማከርን፣ «ትንሽ ናት» እየተባባልን። ማሟሟያውን ብቻ ለብቻው የፈተንነው ግን በድሮው ልክ ነበር።

አዲስ ሳህን ዘራን። ለአንዱ ረድፍ ቅጠሉን ከነማሟሟያው፣ ለአንዱ ማሟሟያውን ብቻ፣ ለአንዱ ደግሞ ዶክተር «ባላገሩ እንደሚጠጣው» ብለው በውኃ ያፈሉትን ቅጠል ሰጠን። ሔለን ፕላስተሩን ለጠፈች። በማግስቱ እጣቢውንም ሳህኑንም ይዘን መጋረጃውን ጋረድን።

ዶክተር አጎነበሱ። እኔ እጽፋለሁ።

«ያረፉ» አሉ። ወደሚቀጥለው። «ያረፉ።» ድምፃቸው ጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንደ አራስ ጠያቂ «ማሻ አላህ» አሉ፤ «እንዴት ያማሩ ናቸው! አንድ እንኳ አላረፈም።»

መብራት አበራን። ፕላስተሯ ልጥ አለች። የመጀመሪያው ቅጠልና ማሟሟያ። ሁለተኛዋ ልጥ አለች። ማሟሟያ ብቻ። ሦስተኛዋን መላጥ አላስፈለገም፤ እሳቸው ግን ላጧት። ቅጠል በውኃ። ሕዋሳቱ ጠጥተውት አምሮባቸው ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ ያየናቸው አረንጓዴ ቀለበቶች የማሟሟያው ነበሩ። ዶክተር ፕላስተሮቹን በጣታቸው ሲያንከባልሉ ቆዩና ጋዋናቸው ኪስ ከተቷቸው።

ኃላፊያችን ጋ አብሬያቸው ሄድኩ። «ስሜን መልሱልኝ» አሉት።

«ተስተካከለ?»

«ጭራሽ ተበላሸ።»

ነገሩን ሲሰማ ሰውየው ከልቡ አዘነላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። «ዶክተር፣ ስምዎ ወጥቷል እኮ። ማንም አይጠይቅዎትም። በክብር ጡረታዎን ይውጡ፤ ለምን ራስዎን አደባባይ ያሰጣሉ?»

«እኔ ዝም ብዬ ብወጣ» አሉት፣ «ሌላው ጠብ እያደረገ ይቀጥላላ።»

በጉባኤው ቀን ኮቴን ሳልቆልፍ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰዉ የመጣው ስለ ቅጠሉ ሊሰማ ነው፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ዶክተር ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡና ምንም ሳያንዛዙ ጀመሩ። «ቅጠሉ ሕዋሳቱን ያሳርፋል ብዬ ነበር። ቅጠሉ አላሳረፋቸውም። ያሳረፋቸው እኛ የጨመርነው ማሟሟያ ነው። እንዴት እንደተሳሳትን ላሳያችሁ።» ስዕሎቹን አንድ በአንድ አሳዩ፤ ሁለቱን ረድፍ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛውንም። አንድ የታወቁ ሰው ፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሔለን አጠገቤ ሆና ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ ጫማዬን አይ ነበር፤ ማሰሪያው አለመመሳሰሉን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጨረሱ። ከመሐል አንድ ጎልማሳ ተመራማሪ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ዶክተር… እኛም ከተክል ሥር የምናወጣው አለን። አልሟሟ ሲለን እየጨመርን ነው። እስከ ምን ያህል ድረስ ደህና ነበር? ከየት ላይ ነው የተበላሸው?»

ዶክተር ዘሃራ መነጽራቸውን አደረጉና ልኩን ነገሩት።

በዚያ አዳራሽ ስለ ቅጠሉ ስናወራ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልናል። ያን ቀን ያጨበጨበ የለም። ግን አንድ እስክሪብቶ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከመስኮቱ በኩል ሌላ፣ ከፊትም አንገታቸውን የነቀነቁት ሰውዬ ኪሳቸውን ሲዳብሱ አየሁ። ዶክተርም ሰሙት መሰለኝ። ትንሽ ጠበቋቸውና፣ ማንም እንዳያመልጠው፣ ልኩን ደግመው ቀስ ብለው ተናገሩ።